ዲኤክሷ ትሸጥ ወይስ ትፍላ?

የናዝሬት ሰው (አዳማ ማለቴ ነው፤ አፌ ልማዱን አልተወም) አሮጌ መኪና እንዳላችሁ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ትፈላለች?» ብሎ ነው። የኔዋ ትፈላለች። ቶዮታ ዲኤክስ ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ በወጉማ «እርስዎ» ልላት ይገባ ነበር።

ልብ በሉልኝ፣ ከቤቴ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ ጨዋ ናት። ፓርኩ በመስከረም 2011 ዓ.ም ተመርቆ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ለፈረቃ አስረፍዳኝ አታውቅም። ችግሩ ሸገር ነው። አዳማ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ላዲያተሩ ግማሹ ለተደፈነ መኪና ይህ ሁሉ ዳገት ነው። እናቴ ደግሞ በየሁለት ወሩ እዚያ የሐኪም ቀጠሮ አላት።

ስለዚህ ፈረቃ እለዋወጥና ፀሐይ ሳይወጣ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሳለን። ፈጣን መንገዱን ትተን በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል እንሄዳለን፤ መኪናዋ ብትቆም ውኃም ሻይም የሚገኘው እዚያ ነው። እናቴ ጀሪካኑን በእግሯ መሀል ይዛ፣ መንገዱን ትታ የሙቀቱን ቀስት ታያለች። ሲወጣ ሳትናገር ክንዴን ነካ ታደርጋለች።

መካኒኬ «ቴስታታው ሳይጣመም ድረሽለት» ይለኛል። (ጣልያን ከሄደ ስንት ዘመኑ! ጋራዥ ውስጥ ግን ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ቴስታታው ሁሉ እስካሁን የሱ ነው።)

ወንድሜ «ሽጫት» ይላል። እውነትም ገዥ ሞልቷል። በ2012 ዓ.ም የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት አስወደደ። በ2016 ዓ.ም መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። እኔ ፈረቃ ስገባና ስወጣ፣ እሷ ቆማ ዋጋ ጨመረች። መቼም ከደሞዜ ጋር ባላወዳድራት ይሻለኛል።

የወንድሜ ሒሳብ ትክክል ነው፤ በሽያጩ ገንዘብ እናታችንን ለብዙ ዓመት በኮንትራት ማመላለስ ይቻላል። የኔም ሒሳብ ግን አልተሳሳተም። ገንዘቡ ባንክ ገብቶ ይቀልጣል፣ ዛሬ የሸጠ ሰውም ነገ በዚያው ብር በሩን እንኳ አይገዛም። የኤሌክትሪኮቹን ዋጋ ጠይቄ ነበር፤ ሻጩን አመስግኜ ወጣሁ።

ስንጨቃጨቅ ቆይተን እናታችንን ጠየቅናት።

«ዲኤክሷ ብትቆም አንቺ አጠገቤ አለሽ» አለች። «የኮንትራቱ ሲቆም ማን አለኝ?»

ወንድሜ ዝም አለና ማታውኑ ለላዲያተሩ ማስጠረጊያ ብር ላከልኝ። ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጀሪካኑን ግን አሁንም አላወረድኩትም።