ኩሽኔታ

አዲስ አበባ፣ ልደታ ያደገ ልጅ ኩሽኔታ ምን እንደሆነ በደንብ ያውቃል። መካኒኩ የጣለውን አሮጌ ኩሽኔታ ለምነን፣ ከጣውላ ስር ሦስቱን አስረን ቁልቁለቱን እንለቀው ነበር። አስፋልቱን እየፋቀ ሲወርድ ጩኸቱ ለሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ፍሬናችን የጫማችን ሶል ነው፤ እናቶቻችን የሚቆጡንም በዚሁ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሰሞኑን ከኮንዶሚኒየማችን ምድር ቤት የሰማሁት የብየዳ ድምፅ ነው። ገብቼ አየሁ። አንድ ወጣት ጎረቤታችን፣ ሎተሪ የሚያዞሩት ጋሼ የሚንቀሳቀሱባትን ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ገልብጦ ተቀምጧል። ጋሼ በልጅነታቸው ፖሊዮ ሁለቱንም እግራቸውን ይዞባቸዋል፤ ብስክሌቷን የሚነዱት ፔዳሉን በእጃቸው እየዘወሩ ነው። ሜዳው ላይ ማንም አይቀድማቸውም። ችግሩ ዳገቱ ነው። ወደ አብነት የሚወስደውን ዳገት የሚገፋቸው ሰው ካላገኙ ያን ቀን አይወጡም። ለዓመታት ውሏቸውን ሲወስን የኖረው የሚገፋ ልጅ መገኘትና አለመገኘቱ ነበር።

ወጣቱ ያሰበው ቀላል ነገር ነው፤ አሠራሩ ግን ቀላል አይደለም። ከመርካቶ፣ ምናለሽ ተራና አካባቢው፣ የተበላሹ የላፕቶፕ ባትሪዎችን ሰበሰበ። በእያንዳንዱ ባትሪ ውስጥ የጣት ውፍረት ያላቸው ሴሎች አሉ፤ ላፕቶፑ ሞተ ሲባል ሁሉም ሴሎች አብረው አይሞቱም። አንድ በአንድ ለካቸው፤ የሚሞቀውንና ቻርጅ የማይዘውን ጣለ። አንዱ ሴል 3.6 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ፣ አሥሩ በተከታታይ ሲያያዙ 36 ቮልት ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ረድፍ አምስት ጊዜ ደርድሮ 50 ሴል ያለው ባትሪ ሠራ። ቻርጁ ከልክ እንዳያልፍ የሚቆጣጠር ሰሌዳም ገጠመለት። ሞተሩ የተገኘው ከተሰበረ የኤሌክትሪክ ስኩተር ነው፤ አንድ በያጅ መያዣ ሠርቶለት ከኋላ ቸርኬዎች በአንዱ ላይ ገባ። የእጁ ፔዳል እንዳለ ቀረ፤ ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅ ጋሼ እንደ ወትሮው ይዘውራሉ።

«ጋሼ፣ ማታ ተኝተው ቻርጅ ላይ አያሳድሩት» አላቸው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ። እውነቱን ነው። ሊቲየም አንዴ ከተቀጣጠለ እንደ ሌላ እሳት በቀላሉ አይጠፋም። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ይህ ጥንቃቄው ነው፤ መፍጠር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ገብቶታል።

ቤት ገብቼ ሒሳብ ሠራሁ። የጋሼ ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። የአንድ ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው ብንል፣ በእሱ አቅም ከ160 በላይ እንዲህ ያለ ባትሪ ይሞላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል ደግፌ ነበር፤ አሁንም እደግፋለሁ። ስለ ኤሌክትሪክ ትራንስፖርት ስናወራ ግን አሁንም ወሬያችን ሁሉ ስለ መኪና ነው። በዚህች ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ ቁልቁል የተዘረጋች ናት። ብስክሌት ያልለመድነው በስንፍና እንዳይመስለን፤ ዳገቱ ነው። ያን ዳገት ለመውጣት የምትረዳ ትንሽ ሞተር ደግሞ እዚሁ ምድር ቤት ተሠርታለች።

ይህች ሞተር አንድ ነገር አስታወሰችኝ። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በረሃ አቋርጦ አመጣት። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ የሚያንቋሽሽ አገር ማሽን ሠሪ እንደማይወጣው አውቀዋል ብዬ አስባለሁ። ስድቡ አሁን እንደ ድሮው አይደለም። ከእኛ ሰፈር በባቡር አንድ ፌርማታ ላይ ተግባረ ዕድ የተባለው የሙያ ትምህርት ቤት አለ፤ ስንት ባለሙያ ያፈራ ቤት ነው። ሆኖም የሠለጠነ ልጅ አንድ ነገር ሠርቶ ሲያሳየን ዛሬም የምንጠይቀው «ከየት አገር አስመጣኸው?» ብለን ነው። ያን ቀን እኔም ይህንኑ ጠይቄዋለሁ። አፍሬያለሁ።

የምመኘው ብዙ አይደለም። የሰፈር ልጅ የሠራውን ባትሪ ወስዶ የሚያስመረምርበት ቦታ፤ ለፍሬንና ለፍጥነት ግልጽ የሆነ መለኪያ፤ መሐል ላይ የማይቋረጥ የብስክሌት መንገድ። መለኪያው ጠበቅ ይበል፣ አልቃወምም። ሠሪውን ከምድር ቤት ወደ አደባባይ የሚያወጣ እንጂ የሚያስደብቅ እንዳይሆን ብቻ ነው የምፈራው።

ሐሙስ ዕለት ጋሼ ዳገቱን ብቻቸውን ወጡ። ሲገፏቸው የኖሩት ልጆች ከልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው ከኋላ ሮጡ፤ አልደረሱባቸውም። ጋሼ ሲመለሱ ግን ወጣቱ መንገድ ላይ ጠብቆ አስቆማቸው። ፍሬኗ የፊት ጎማ ላይ ብቻ ነው፤ ባትሪውና ሞተሩ ክብደት ጨምረውባታል። «የኋላው ፍሬን እስኪገባ ቁልቁለቱን እኔ ይዤ አወርድዎታለሁ» አላቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በያጁ ይመጣል፤ እኔም ብረቱን ልይዝላቸው እወርዳለሁ።