ምልክቱ ከመንገዱ በኋላ ነው

ንባብ፦ ዘጸአት 3፥10-12፤ 4፥1-16

«ገና ዝግጁ አይደለሁም።» ይህች ቃል በጸሎት ቡድናችን ብዙ ጊዜ ትሰማለች። አንዱ ወንድም የራሱን ሥራ ሊጀምር ያስባል፤ አንዷ እህት ያቋረጠችውን ትምህርት ልትቀጥል ትመኛለች፤ ሌላው ለጎዳና ልጆች ሸክም አለው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ የጸሎት ርዕሱ ግን ያው ነው። ጥቂት ገንዘብ፣ ጥቂት እውቀት፣ ጥቂት ድፍረት እስኪጨመርልን እንጠብቃለን።

ሙሴም ወደ ፈርዖን ሂድ ሲባል መጀመሪያ ያነሣው የራሱን ማንነት ነው። በእግዚአብሔር መልስ ውስጥ ግን ስለ ሙሴ ብቃት አንድም ነገር አልተነገረም፤ የተሰጠው ተስፋ «አብሬህ ነኝ» የሚል ነው። የተነገረውንም ምልክት ልብ በሉ፦ ሕዝቡን ካወጣ በኋላ በዚያው ተራራ ላይ እግዚአብሔርን ያመልካሉ። ይህ ምልክት የሚታየው ከሄዱ በኋላ ነው። በትሩ እባብ ሲሆን፣ እጁም ለምጻም ሆኖ ሲነጻ በዓይኑ አይቷል፤ ያም ሆኖ ፍርሃቱ አለቀቀውም፤ አንደበቴ ኮልታፋ ነው አለ። ተአምር በእጃችን ይዘንም ዝግጁነት ላይሰማን ይችላል ማለት ነው።

እግዚአብሔር የሙሴን አንደበት እዚያው አልፈታለትም። ነገር ግን ወንድሙ አሮን ሊገናኘው እየመጣ እንደ ነበር ነገረው። ሙሴ ገና ሰበብ ሲደረድር፣ ጉድለቱን የሚሞላው ሰው መንገድ ላይ ነበር።

በአገራችን የወንጌል ታሪክም ይህን አያለሁ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ከኢሉባቦር ምድር ተነጥቆ ለባርነት ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ። ወንጌልን ይዞ ወደ ወገኖቹ ለመድረስ ያደረጋቸው ሙከራዎች ከሸፉበት። በዚያ መካከል መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዘ። ነገር ግን ከአገሩ የወጣው ልጅ ሆኖ ስለ ነበር የገዛ ቋንቋው ቃላት ያጥሩት ነበር። ተርጓሚ ቋንቋ ሲያጥረው ከዚህ የሚበልጥ «ገና ነኝ» የሚያሰኝ ምን አለ?

እሱ ሥራውን ቀጠለ። በኋላም እንደ እሱ ከባርነት ነጻ የወጣች አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት እዚያው ትምህርት ቤት ገባች። ኦሮምኛን ከነለዛው የምታውቅ ነበረች፤ ቃላቱንና አነጋገሩን እሷ አቀረበችለት። መጽሐፍ ቅዱሱ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሞ ወጣ። ወደ ወለጋ የገቡት ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። አሮን ለሙሴ እንደ ሆነለት፣ አስቴርም ለኦኔሲሞስ ሆነችለት።

ይህን የምጽፈው ለራሴም ጭምር ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትምህርቴም ከአሥረኛ ክፍል አያልፍም። በአጥቢያችን አንዲት እናት «ልጄ፣ ዓይኔ ሳይከዳኝ ቃሉን ራሴ ባየው» ያሉኝ ቀን ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። እንዴት እንደሚያስተምሩ ሳላውቅ፣ ፈርቼም ሳለሁ፣ ከሴቶች ጸሎት በኋላ አራት እናቶችን በፊደል ገበታ ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱ ፊደሉን ጭራሽ ማየት እንደማይችሉ ታወቀ። ከመዘምራን አንዷ መምህርነት የምትማር ልጅ ናት፤ ይህን ስትሰማ በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ ፊደሎቹን አግዝፋ ጽፋ መጣች፤ ከዚያም አልተለየችንም። እነዚያ እናት እስካሁን አንድ ጥቅስ አንብበው አልጨረሱም። ባለፈው ግን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው «ይቺ ሉ ናት፤ ሉቃስ ነው!» አሉ። ድፍረቱ አሁንም በየሳምንቱ እንደ አዲስ ያስፈልገኛል።

ወዳጆቼ፣ የተመኘነው ሁሉ የጌታ ጥሪ ነው እያልኩ አይደለም። ጌታ ራሱ ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲያሰላ አስተምሯል። ስለዚህ ሕልማችሁን በቃሉ ፊት አቅርቡት፤ የሚመክሯችሁን ታላላቆች ጠይቁ፤ ማንን እንደሚጠቅም መርምሩ። ብድር የሚያስገባ፣ ቤተሰብን ችግር ላይ የሚጥል ከሆነ ደግሞ ረጋ በሉ። ተቀምጦ ማስላት ግን አንድ ነገር ነው፤ ስሌቱ ካለቀ በኋላም ተቀምጦ መቅረት ሌላ ነው። ጥሪው ግልጽ ሆኖ የቀረው ፍርሃቱ ብቻ ከሆነ፣ ፍርሃቱ እስኪያልፍ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ልትሠሩት የምትችሉትን ትንሹን ነገር ያዙ፦ አንድ ስልክ መደወል፣ አንድ ማመልከቻ ማስገባት፣ አንድ ገጽ መጻፍ። የጎደለውን የሚሞላው ሰው ምናልባት አሁን መንገድ ላይ ነው።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ብቃታችን ከአንተ ነው። የሰጠኸንን ሸክም ታውቃለህ፤ ፍርሃታችንንም ታውቃለህ። አብረኸን መሆንህ ይበቃናልና እግራችንን አንሣ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀኸውን ሰው እንድናውቀው ዓይናችንን ክፈት፤ እኛንም ለሌላው አሮን አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።