ለልጄ፣ ቤሪያ ከመግባትሽ በፊት

ልጄ፣

ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ እንደተቀበለሽ ከሰማን ወዲህ እናትሽ ስለ ብርዱ ነው የምትጨነቀው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ፊት ለፊት ስንቀመጥ አፌ ላይ እየመጣ ስለሚመለስብኝ በወረቀት ይሁን ብያለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፤ ታሪኩም የእነሱ ነውና።

ቤሪያን ያቋቋመው ጆን ፊ የሚባል ሰባኪ ነው። አባቱ ባሪያ አሳዳሪ ነበሩ። ልጅየው ባርነት ኃጢአት ነው ብሎ ሲነሳ አባትና ልጅ ተቆራረጡ። እሱ ግን በስብከት ብቻ አላበቃም፤ ጁሌት ማይልስ የምትባለውን፣ ከአባቱ ባሮች አንዷን፣ ከገዛ አባቱ ገዝቶ ነጻ አወጣት። ልጆቿ እዚያው ቀሩ። በ1858 እነሱን ይዛ የኦሃዮን ወንዝ ልትሻገር ስትል ተያዘች፤ ወህኒ ወረደች፤ ከወህኒም ሳትወጣ ሞተች። ስለዚያ ኮሌጅ ሲወራ ሁሉም የፊን ስም ይጠራል። አንቺ የእሷንም አትርሺ።

ትምህርት ቤቱ በ1855 ሲጀመር አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ስሙም መመሪያውም ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የተወሰዱ ናቸው፤ መመሪያው የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ ደም መፈጠሩን ይናገራል። አራት ዓመት ቆይቶ በባርነት ላይ የተነሳው የጆን ብራውን አመፅ ደቡቡን ሲያስደነግጥ መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች መጡና ለመምህራኑና ለቤተሰቦቻቸው አሥር ቀን ሰጧቸው፤ ከግዛቱ ውጡ ነው ነገሩ። ወጡ። የተመለሱት የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። በ1866 በመዝገባቸው 96 ጥቁርና 91 ነጭ ተማሪዎች ነበሩ። ትናንት ባሪያ የነበረውና ትናንት ጌታ የነበረው ወገን ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፊደል ሲቆጥሩ አስቢው፤ ያውም በኬንታኪ!

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን ኮሌጅም እንደ ሰው ይደክመዋል። ከ1892 ጀምሮ የመሩት ፕሬዚዳንት ዊሊያም ፍሮስት ዓይናቸውን ወደ አካባቢው ተራሮች ድሃ ነጮች መለሱ፤ ለጋሾችም ያንን ወደዱ፤ የጥቁሮቹ ድርሻ እየሳሳ ሄደ። ማንም በሩን በይፋ አልዘጋም። እንዲህ ያለውን ነው ልብ እንድትይ የምፈልገው፤ አድልዎ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌላ በጎ ሥራ መስሎ ነው፤ ድሃ ማስተማርን ማን ይቃወማል?

በ1904 ግን በሩ በሕግ ተዘጋ። የኬንታኪ ምክር ቤት ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይማሩ ደነገገ፤ የጣሰ ትምህርት ቤት 1,000 ዶላር ይቀጣል። ለጥቁሮች ቅርንጫፍ መክፈት የሚፈልግ ካለ ይክፈት ተባለ፤ ሆኖም ቢያንስ 25 ማይል መራቅ አለበት። ከአዲስ አበባ ደብረ ዘይት ምንም ያህል አይቀረውም እኮ! ቤሪያ ተከሰሰ፤ ይግባኝ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 ፈረደበት። የኬንታኪው ተወላጅ ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ውሳኔውን ተቃውመው ጻፉ፤ ድምፃቸው ግን አልበቃም። ካርተር ዉድሰን፣ የጥቁሮችን ታሪክ ሳምንት በ1926 የጀመረው ታላቅ ሰው፣ ከቤሪያ የተመረቀው በ1903 ነበር፤ በሩ ሊዘጋ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። ሕጉ ላልቶ ጥቁር ተማሪ ዳግም የገባው በ1950 ነው። የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ነገር አለፈ።

አሁን ወዳሳሰበኝ ልምጣ። እዚያ ስትደርሺ «አንቺ እንኳ ከእነሱ ትለያለሽ» የሚልሽ ሰው ይመጣል። ነጭ ሊሆን ይችላል፤ የኛው ሰውም ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ከርመው የመጡ ዘመዶቻችን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ ሲያወሩ ሰምተሻል። እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ፊደል አለን፣ ዓድዋ አለን። አለን፤ ማን ከለከለ? ግን ያን ይዘሽ የተለየ ወንበር አትፈልጊ። ለወገኖቻችንም በር የከፈተውን የ1965ቱን የኢሚግሬሽን ሕግ ያመጣው የዜግነት መብት ትግሉ የፈጠረው ዘመን ነው፤ በዚያ ትግል ውሻ የተለቀቀባቸውና የታሰሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። አንቺም የምትቀመጪበትን ቦታ 46 ዓመት የተነጠቁት የእነሱ ወገኖች ነበሩ።

ደግሞ ንጹሕ መስለን አንሂድ። በኛም አገር ባርነት በሕግ የተሻረው፣ በኛ አቆጣጠር፣ በ1934 ዓ.ም. ነው፤ አያቴ በሚያስታውሱት ዘመን። «ባሪያ» የሚለው ስድብ ዛሬም አልሞተም። ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን አብረናቸው ማዕድ አንቀርብም ነበር፤ ሸማኔው የሠራልንን ኩታ ግን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ሄደናል። ቤሪያ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው ሁሉ ግን በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት ይሠራል። ከሥራዎቹ መካከል ሽመናና መጥረጊያ መሥራት አሉ። ሽመና ቢደርስሽ ለአክስትሽ ጽፈሽ ንገሪያት፤ ፊቷን ለማየት እኔ እዚህ አለሁ።

በዉድሰን ስም የተሰየመ ማዕከል ግቢው ውስጥ አለ። ጥቁር ተማሪዎች ለስብሰባ ሲጠሩ ሂጂ፤ እንደ እንግዳ ጥግ ላይ አትቁሚ። መጀመሪያ አዳምጪያቸው፤ ስለ ዓድዋ ሲጠይቁሽ ያኔ ትነግሪያቸዋለሽ፤ መጠየቃቸው አይቀርም። የተራራው ልጆችም አሉ፤ አነጋገራቸው መጀመሪያ ላይ ይከብድሻል፤ ድህነታቸውን ግን ታውቂዋለሽ፤ ከነሱም ጋር ብዪ ጠጪ።

ካፖርቱን እናትሽ ልብስ ተራ ሄዳ ገዝታልሻለች፤ ትልቅ ነው ብለሽ እንዳትተዪው።

አባትሽ