ከሰቆጣ ላሊበላ፦ እንግዳ የሚበዛበት ቤት

ወደ ዋግ ኽምራ ደጋ የሄዳችሁ ብዙ እንደማትሆኑ እገምታለሁ። የአገራችንን ታሪካዊ ቦታዎች ለመጎብኘት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአውሮፕላን ይዞራል። ዋግን ግን ከላይ በመስኮት አይቶት ያልፋል። ባለቤቴና እኔ ወደዚያ የሄድነው ከጦርነቱ በፊት፣ በ2011 ዓ.ም የገና ሰሞን ነበር። ለአገልግሎት ሰቆጣ ሰንብተን ስናበቃ በጋዝጊብላ በኩል ወደ ላሊበላ በመኪና ወረድን።

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረች ጥንታዊት ከተማ ናት። የአካባቢው ሕዝብ አገው ኽምራ ሲሆን ቋንቋው ኽምጣኛ ይባላል። ገበያ ውስጥ አማርኛና ኽምጣኛ ተደባልቀው ሲነገሩ መስማት ደስ ይላል። ቀደም ባለው ዘመን ከአፋር ቆላ የሚመጣው አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ሰቆጣ ገበያ ይደርስ ነበር። ከተማዋ ባሕር የሌላት ወደብ ነበረች ማለት ይቻላል። የጨው ንግዱ መንገድ ሲለወጥና ጨውም ገንዘብ መሆኑ ሲቀር የገበያው ግርማ አብሮ ቀነሰ። ዛሬ የሰቆጣ ስም በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሳው በሌላ ነገር ነው። በ2007 ዓ.ም መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰይሟል። ለከተማዋ ክብር ይሁን ሐዘን እንጃ!

ከሰቆጣ ወጥተን የጋዝጊብላን ምድር ስናቋርጥ ያየነው ድንጋይ የበዛበት ማሳ፣ እርከን የተሠራለት ገደላገደልና የፍየል መንጋ ነው። አስከተማ ላይ ቡና ልንጠጣ ወረድን። ቡናውን የምታፈላው ሴት ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችን። ላሊበላ ስንላት ሳቅ ብላ «ሁሉም ላሊበላ ነው፤ እዚህ የሚቀመጥ የለም» አለች። በየመንገዱ ዳር ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ስንቃቸውን በትከሻቸው ያነገቱ ገበሬዎች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በእግር ይጓዙ ነበር። ለገና በዓል የሚሄዱ ናቸው። አንዳንዶቹ ለቀናት የተጓዙ እንደሆነ ከእግራቸው ያስታውቃል።

እኛ ወንጌላውያን አማኞች በዚህ በዓል ላይ የራሳችን አመለካከት አለን፤ ስለ እርሱ ለመከራከር አይደለም የጻፍሁት። ነገር ግን ላሊበላ ስንደርስ የከተማው ወጣቶች በገበታ ውሃ ይዘው ከሩቅ የመጡትን መንገደኞች እግር ሲያጥቡ አየን። ብዙ ጊዜ በትምህርት የምንሰማውን ነገር እነርሱ በአቧራ መካከል ተንበርክከው ሲያደርጉት ማየት ዝም ያሰኛል። ባለቤቴም እኔም ብዙ አልተነጋገርንም።

ላሊበላ የእንግዳ ከተማ ናት። 11ዱ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ጋር ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ጥልፍ ሠሪዋ ሁሉ ኑሮው በሚመጣው እንግዳ ላይ ቆመ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ፣ ጣሪያቸው ሣር የሆነ፣ አንዳንዶቹም ባለ አንድ ፎቅ የሆኑ ክብ ቤቶች አሉ። በእነዚህ ቤቶች ቤተሰቦች ለትውልዶች ኖረዋል። በኋላ ግን በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደው የቱሪዝም ፕሮጀክት አካባቢው ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል ጸድቶ እንዲቀመጥ ተወሰነና ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዛወሩ ተደረገ። ካሳ ተሰጥቷቸዋል፤ አዲሱ ሰፈር ቦታው ሰፊ ነው። ቢሆንም እናት ጎረቤቷን፣ ቡና ጠጪዋን፣ ዕቁብተኛዋን ትታ ስትወጣ ካሳው ይህን አይተካም። ባዶ የቀሩትን ክብ ቤቶች እንግዳ ይመጣና ፎቶግራፍ ያነሳቸዋል፤ የሚኖርባቸው ግን የለም።

እኛ በሄድንበት ሰሞን ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጣሪያዎቹ ነበር። ዝናብና ፀሐይ አለቱን እየበላው ስለሄደ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2008 በአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በትልልቅ የብረት ምሰሶዎች የቆሙ አራት መጠለያዎች ተሠሩ። ጊዜያዊ ይሆናሉ የተባሉ ነበሩ። ነዋሪው ግን ዓመት በመጣ ቁጥር ነፋስ ሲነፍስ የብረቱን ድምፅ እየሰማ፣ ምሰሶዎቹ አለቱ ላይ የሚያሳርፉትን ክብደት እያየ ስጋት ገባው። በ2011 ዓ.ም መስከረም ወር መጨረሻ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ «ቅርሳችንን አድኑልን» አለ። በዚያው ዓመት መጋቢት 3 ቀን የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን መጥተው አገራቸው እንደምትረዳ ቃል ገቡ።

መሐንዲሶቹን መውቀስ ይከብደኛል፤ ዝናቡ እውነት ነው፣ ስንጥቁም እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ ቅርስ ጋር ተወልዶ የሚሞተው ሰው ከውሳኔው በኋላ ሳይሆን በፊት ሊጠየቅ ይገባ ነበር እላለሁ።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጣሊያኗን ቬኒስን እንውሰድ። ቬኒስ በውሃ ላይ የተሠራች ጥንታዊት የወደብ ከተማ ናት። በየዓመቱ ሺህዎችን የጫኑ፣ ፎቅ ላይ ፎቅ የተደራረበባቸው የመዝናኛ መርከቦች በጠባቡ የጁዴካ ቦይ እየገቡ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት ለፊት ያልፉ ነበር። ለብዙዎቹ መርከቦች ከተማዋ መነሻ ወደብ ነበረች። መነሻ ወደብ ማለት መርከቡ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ቆሞ የሚሄድበት አይደለም፤ መንገደኛው የሚሳፈርበትና የሚወርድበት፣ ምግቡና ውሃው የሚጫንበት ነው። ስለዚህ ለሻንጣ ተሸካሚው፣ ለሹፌሩ፣ ለአትክልት አቅራቢው እንጀራ ነው። ለነዋሪው ግን መርከቡ የሚያነሳው ሞገድ የቤቱን መሠረት ያናጋል፣ ጭሱ ይገባበታል፣ ሕዝቡ መንገድ ያጣል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጥንታዊቷ ከተማ 175 ሺህ ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ከ50 ሺህ በታች ወረደ።

ነዋሪዎቹ «ትልልቅ መርከቦች አይግቡ» ብለው ተደራጁ። በትንንሽ ጀልባ እየወጡ በመርከቦቹ ፊት ተቃውሟቸውን አሰሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 ራሳቸው ባዘጋጁት ድምፅ አሰጣጥ 18 ሺህ ያህል ሰው ወጥቶ ከሞላ ጎደል ሁሉም መርከቦቹ ከሐይቁ እንዲወጡ ጠየቀ። ሰሚ አላገኙም። ግንቦት 25 ቀን 2011 ዓ.ም «ኤምኤስሲ ኦፔራ» የተባለው ግዙፍ መርከብ መቆም አቅቶት ከወደቡ ግንብና ከአንዲት የጎብኚዎች ጀልባ ጋር ተጋጭቶ ሰዎችን አቆሰለ። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት በእርግጥ መስማት የጀመረው። ከሐምሌ 25 ቀን 2013 ዓ.ም አንሥቶ ከ25 ሺህ ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በከተማዋ መካከል እንዳያልፉ ተከለከሉ። አንዳንዶቹ ከኢንዱስትሪው ሰፈር ከማርጌራ፣ ሌሎቹም ከትሪየስቴ፣ ከሞንፋልኮኔና ከራቬና መነሳት ጀመሩ። የወደብ ሠራተኞች «እኛስ ምን እንብላ?» ብለው አዘኑ። በአንድ ቤት ባል ወደቡ ላይ ሠርቶ የሚያድር፣ ሚስት መርከቡ ይውጣልን የምትል ስትሆን የእራቱ ጨዋታ እንዴት እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም!

ቀኑን ስመለከት የገረመኝ ነገር አለ። ቬኒስ መርከቦቹን ባገደች በአራተኛው ቀን፣ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም፣ ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። ሰቆጣም ተያዘች። ወራት አለፉ፤ መብራት የለም፣ ባንክ የለም፣ እንግዳ የለም። አስቀድሞ ኮሮና ጎድቷት ለነበረችው ከተማ ይህ ሁለተኛ ምት ነበር። የአውሮፕላኑ ዙር መስመርም ተበጠሰ፤ የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያ ለዓመታት ተዘጋ። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲነሳ ደግሞ የላሊበላ በረራ ለጊዜው ቆመ። እንግዳ በዛብን የሚለው ጥያቄ በአንድ ጊዜ እንግዳ ቀረብን ወደሚል ተለወጠ። አስጎብኚው ሥራ ፈታ፣ በቅሎ አከራዩ በቅሎውን ሸጠ። ባልና ሚስት ሁለቱም በአንድ ሆቴል ተቀጥረው ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ሁለቱም ደመወዝ በአንድ ቀን ቀረባቸው።

ዋግ ግን ከመጀመሪያውም የእንግዳ እንጀራ አልለመደም። ስለዚህ የጎብኚ መጥፋት አልጎዳውም፤ የጎዳው ሌላ ነው። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሰቆጣ ዙሪያ በመጠለያ ዓመታት ቆዩ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ድርቅ መጣ። ይህን ያየ ሰው «ቱሪዝም ይስፋፋልን» ለማለት ይቸኩላል። እኔ ግን ከላሊበላ ያየሁት ያሳስበኛል። አንድ ቀን ሰላም ሆኖ የጋዝጊብላ መንገድ በእንግዳ ሲሞላ፣ ሆቴሉ የማን እንደሚሆን፣ ቤቱ ለማን ተብሎ እንደሚነሳ ከአሁኑ የሚጠይቅ የወረዳ ሽማግሌ ቢኖር ደስ ይለኛል። የእነ ቬኒስ ሰዎች ጥያቄውን ያነሱት ግማሹ ነዋሪ ከሄደ በኋላ ነው።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ለመሄድ የምታስቡ ባለትዳሮች ካላችሁ ላሊበላ ላይ ብቻ አትመለሱ። አስከተማ ላይ ቡናውን ጠጡ፣ ሰቆጣ ላይም ሁለት ሌሊት እደሩ፤ የዋግን ማር ከገበሬው እጅ ግዙ። ከሰቆጣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። እኛ ስንደርስ ተዘግቶ ነበር። አንድ እረኛ ልጅ ቁልፉን የያዙትን ቄስ ሊጠራ ሮጠ፣ እኛም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ለአንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ቄሱ እርሻ ላይ ስለነበሩ እጃቸው ላይ ጭቃ ነበረ፤ «ይቅርታ ልጆቼ፣ እንግዳ እንደሚመጣ አላወቅንም» አሉን።