ከርከዴና የቀለም ትምህርት



ገዳሪፍ ሲባል አስቀድመው የሚታወሱት ማሽላና ሰሊጥ ናቸው። እኛ ግን ዘንድሮ ስለ ሌላ የሱዳን በረከት፣ ስለ ከርከዴ፣ ጥቂት ማለት ወደድን። በብዛት የሚመረተው በምዕራብ፣ በኮርዶፋንና በዳርፉር ቢሆንም ከገበያችንም ሆነ ከቤታችን አይጠፋም።

አበባ እያልን የምንዘፈዝፈው ቀይ ነገር በእርግጥ የአበባው ቅጠል አይደለም፤ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ወፍራም ሽፋን ነው። ቅላቱን የሚሰጡት አንቶሲያኒን የሚባሉ ቀለሞች ናቸው። እነዚህ ቀለሞች በአሲድ ውስጥ ደምቀው ይቀላሉ፤ በቤዝ ውስጥ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣሉ። እንግዲህ ከርከዴ፣ ሎሚና ጥቂት የአመድ ውሃ ካሉን፣ አሲድና ቤዝን ለማስተማር ቤተ ሙከራ እስኪሠራልን አንጠብቅም። አመድ የገባበትን ግን ማንም እንዳይቀምስ!

አንቶሲያኒን አንቲኦክሲዳንትም ነው፤ ሴሎችን የሚጎዱ ፍሪ ራዲካል የተባሉ ሞለኪውሎችን ያበርዳል። ይህ በሙከራ ቱቦ ውስጥ በግልጽ ይታያል። የሰው ሆድ ግን ቱቦ አይደለም፤ ከጠጣነው ቀለም ሳይለወጥ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። ስለዚህ «አንቲኦክሲዳንት አለው» እና «በሽታ ያድናል» ለየቅል ናቸው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ መድኃኒት ብርቅ ሆኗል። የደም ግፊት ኪኒናቸውን በከርከዴ ለመተካት የሚያስቡ ወላጆችም አሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት 65 ሰዎች ተሳትፈዋል። በቀን 3 ኩባያ ለ6 ሳምንት ከርከዴ የጠጡት የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ7 ገደማ ሲቀንስ፣ ማስመሰያ መጠጥ የጠጡት በ1 ገደማ ቀንሷል። ጥቅሙ እውነት ነው። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ ግፊታቸው በመጠኑ ብቻ ከፍ ያለና ኪኒን የማይወስዱ ነበሩ። ግፊቱ ለበረታበት ሰው ይህ ማስረጃ አይሆነውም።

ስለዚህ ከርከዴያችንን እንጠጣ፤ ረጅም ማፍላት ቀለሙን ስለሚያጠፋው በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈን፣ ስኳሩንም ቀንሰን። ኪኒኑን ግን ሐኪም ሳያዝ አናቋርጥ፤ ከጠፋም ጤና ባለሙያ እናማክር። ልጆች፣ ይህን ገጽ ለእናትና አባቶቻችሁ፣ ለአያቶቻችሁም አንብቡላቸው። ቀለም የቆጠረ ልጅ ለቤተሰቡ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ቀን ነው።