ዳገቱ የሚጀምርበት ቦታ

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ በማለዳ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና በመኪናው የፊት መስታወት ላይ በሰቀልነው ካሜራ ቀረጽን። መንገዱ ገና ጭር ያለ ስለነበር የመስመሮቹ ቀለም ወለል ብሎ ይታያል። የመንገድ መስመሮችን ከምስል እንዲለይ የምናሰለጥነው ሞዴልም ቀለሙን ከአስፋልቱ ለመለየት አልተቸገረም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያገኛቸውን መስመሮች ከላይ ቁልቁል እንደተነሳ ፎቶ ስንዘረጋቸው፣ ቁልቁለቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ተጠጋግተው ሊገናኙ ደረሱ። መንገዱ ግን እዚያ ቦታ አይጠብም።

ጥቅምት 14

አዲስ የገባችው ባልደረባችን ነገሩ ስላልገባት በወረቀት ሠራሁላት። ካሜራው ከመሬት 1.4 ሜትር ከፍ ብሎ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ያያል፤ የትኩረት ርቀቱ 1000 ፒክስል ነው እንበል። ሜዳ ላይ በ35 ሜትር ርቀት ያለ ነጥብ ከአድማሱ 40 ፒክስል ዝቅ ብሎ ይታያል፤ 3.5 ሜትር የሚሰፋ የመኪና ረድፍም እዚያ ላይ 100 ፒክስል ይይዛል። አሁን ከመኪናው 10 ሜትር ርቆ 5 በመቶ ዳገት ይጀምር። 35ኛው ሜትር ላይ መሬቱ 1.25 ሜትር ከፍ ስላለ ከካሜራው የሚያንሰው በ15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነጥቡ ከአድማሱ በታች ወደ 4 ፒክስል ይጠጋል። መሬት ሁሉ ሜዳ ነው ብሎ የሚያሰላው ቀመር ያንን ነጥብ ከ300 ሜትር በላይ ያርቀዋል፤ ረድፉንም ከ30 ሜትር በላይ ያሰፋዋል! ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ያው 35 ሜትር 18 ሜትር ተኩል ገደማ ይመስለዋል፣ ረድፉም ከ2 ሜትር በታች ይጠብበታል። 5 በመቶ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ከቁም ነገር የሚገባ ዳገት አይደለም።

ጥቅምት 19

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣን። ረጅም ዳገት ራሱ አያስቸግርም፤ መኪናውም መንገዱም እኩል ካዘነበሉ ለካሜራው ሜዳ እንደማለት ነው። የሚያስቸግረው ዳገቱ የሚጀምርበትና የሚሰበርበት ቦታ ነው። ፍሬን ሲያዝም የመኪናው ፊት ያጎነብሳል፤ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያጎነብስ ምስሉ ወደ 17 ፒክስል ይንሸራተታል።

አንዱ ዳገት ጫፍ ላይ ስንደርስ ሾፌራችን ጋሼ፣ «ልጄ፣ እዚህ ጋ እኔም አስፋልቱ አይታየኝም፤ መንገዱን ስለማውቀው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሞዴሉ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መስመሩን ከሐሳቡ እንዲቀጥልልን አንፈልግም፤ አይታየኝም ማለትን መማር አለበት።

ጥቅምት 26

በቤልጅግ የሌቨን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሌንኔት በተባለው መስመር ለይ ሞዴል ላይ፣ መስመሮቹ የሚዘረጉበትን ቀመር ለእያንዳንዱ ምስል የሚተምን ሌላ ትንሽ ኔትወርክ ጨምረዋል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ግን አሁንም መንገዱን እንደ አንድ ዝርግ ገጽ ያየዋል። በእስራኤል የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች በ2019 የተሻለውን አደረጉ፤ ሞዴላቸው የመስመሩን ከፍታም ጭምር ይናገራል። በ2022 የወጣው ኦፕንሌን የተባለው የዳታ ስብስብ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለትን ለብቻው ይፈትናል። እኔ ከሁሉም ያስደሰተኝ ይኼኛው ነው። አማካይ ውጤት ብቻ ሲነገር የዳገቱ ስሕተት በሜዳው ብዛት ይሸፈናልና።

ኅዳር 3

ሞዴላችንን ከፍታ ለማስተማር ከፍታውን ከየት እናምጣ? ውድ የሌዘር መሣሪያ የለንም። መኪናው ራሱ ግን አሁን ከሩቅ የሚያየውን መሬት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይረግጠዋል። የመኪናውን ማዘንበል የሚለካው ሴንሰርና የፍጥነቱ መዝገብ ካሉን፣ መንገዱ በየሜትሩ ምን ያህል እንደወጣና እንደወረደ እናሰላለን፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰን በቀደመው ምስል ላይ ለመስመሩ ከፍታውን እንጽፍለታለን። ዛሬ የቸርችልን ቅጂ በዚህ መንገድ አዘጋጀነው፤ ተጠጋግተው የነበሩት መስመሮች ጎን ለጎን ሄዱ።

በአገራችን መንገዶች ላይ ለማሰልጠኛ ምስል የምትሰበስቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ቪዲዮውን ብቻ አታስቀምጡ። የሴንሰሩን ንባብ ከነሰዓቱ፣ ካሜራው የተሰቀለበትንም ከፍታ አብራችሁ መዝግቡ። እነዚህ ከሌሉ የዳገቱን ቅርጽ በኋላ ከምስሉ ብቻ ማውጣት እጅግ ያስቸግራል።