ልጅ ልጄና የጥር 23 ፈረሶች

ከደምበጫ እስከ እንጅባራ ያለውን መንገድ በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አላስታውስም። ባለፈው ጥር ግን የአሥር ዓመት ልጅ ልጄን ይዤ ለፈረስ ስል ሄድኩ። ልጁ ለእረፍት ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ፈረስ በስልክ እንጂ በአካል ቀርቦ አያውቅም።

በዋዜማው ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፈን ጥሊሊ ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን። በማግስቱ ጠዋት የእንጅባራ ሜዳ በፈረሰኛ ተሞላ። ፈረሶቹ በግላስና በወዘባ አጊጠዋል፤ ፈረሰኞቹ ጋሻና ዘንግ ይዘዋል። ሽርጥ ሲጋልቡ መሬቱ ከእግራችን በታች ተንቀጠቀጠ። ጉግስ ሲጀመር ልጁ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘ።

«እማማ፣ ማን አንደኛ ወጣ?» አለኝ።

እዚህ ዋናው ነገር አንደኛ መውጣት እንዳልሆነ ላስረዳው ሞከርኩ። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማህበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጣሊያን ከአገራችን ገና አልወጣም። መሥራቾቹ ማሰብ የፈለጉት የዓድዋን ድልና በጦርነቱ የፈረስን ውለታ ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ስለሆነ፣ ማህበሩም በዓሉን በጊዮርጊስ ቀን፣ ጥር 23 ያከብራል። ዛሬ አባላቱ ከ50 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል። ፈረሰኞቹ ለበዓል ብቻ አይሰበሰቡም፤ ለሠርግና ለልቅሶ ይደርሳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ።

«ማህበሩ በተመሠረተ በዓመቱ፣ በ1933 ዓ.ም. የካቲት፣ ጣሊያን ከቡሬ ሲሸሽ ትናንት በመጣንበት መንገድ ወደ ደምበጫ ነው የሄደው፤ እኛው አገር አጠገብ ውጊያ ተደርጓል» አልኩት። ልጁ ዝም ብሎ አሰበና፣ «ታዲያ የእኛ ፈረስ የታለ?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ ልቤን ነካው። አባቴ ፈረስ ነበራቸው። ነርስ ሆኜ በተመደብኩ ሰሞን መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ ለክትባት የምወጣው በዚያ ፈረስ ነበር። ምጥ የጠናባትን እናት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ሲነሡ፣ ቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ መልእክት የሚያደርሰው ፈረሰኛ ነው። አባቴ ሲያረጁ ግን «ማን ይጠብቀዋል? ይሸጥ» ያልኩት እኔ ነኝ። አባቴ አልተቃወሙኝም፤ ኮርቻውን ግን አልሸጡም። እስኪሞቱ ድረስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዛሬ በከተማችን ባጃጅ በዝቷል፤ ፈረስን ልጆቻችን የሚያውቁት ጋሪ ሲጎትት ነው።

እንጅባራ ላይ የገባኝ ይህ ነው። በዓሉ የሚታየው በአንድ ቀን ቢሆንም የሚኖረው ዓመቱን ሙሉ በየቤቱ ነው። አባት ገብሱን ይቆጥባል፤ ልጅ ያጠጣል፣ ያሻሻል፤ አያት ደግሞ ፈረሱ ለምን እንደሚከበር ይናገራል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ፈረሱ ይሸጣል። በእኛ ቤት የጎደለው የእኔ ድርሻ ነበር።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትሄዱ አንድ የነርስ ምክር ልጨምር። ልጅ ከፈረስ ኋላ አይቁም፤ ግልቢያው ሳያበቃ ወደ ሜዳው አይግባ። ፈረስ በዋለበት መሬትና በፋንድያው ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋስ ይገኛል፤ ስለዚህ የልጁ ክትባት የተሟላ መሆኑን አረጋግጡ። ወድቆ ከቆሰለም ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ማምሻው ላይ አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ወርደው ልጓም ይዘው ቆመው ነበር። የልጁን ዓይን አይተው፣ «ና የኔ ልጅ፣ በጎኑ በኩል ና፤ መጀመሪያ ድምፅህን ይስማ» አሉት። ልጁ ቀስ ብሎ ቀረበና እጁን በላብ በራሰው አንገት ላይ አሳረፈ። ፈረሱ ጆሮውን አቀና።

ደምበጫ ስንመለስ የአባቴን ኮርቻ ከቆጥ አወረድኩለት። ቆዳው ደርቋል፤ እርካቡም አንዱ የለም። ሁለታችን ተቀምጠን ቅቤ ስንቀባው አመሸን።